ማግኔት የነካው ውሃ

ጥርስ ሲፋቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በመፋቂያ የሚፋቀውን ማለቴ አይደለም፤ እሱንማ እኔም ጎረምሳ ሳለሁ ልጃገረዶች በሚያልፉበት መንገድ ላይ ቆሜ ስፍቅ ኖሬያለሁ። እኔ የምላችሁ ጎባ፣ አንዲት የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ፣ ወንበር ላይ በጀርባ አንጋልለው፣ መብራት ዓይን ላይ ደቅነው፣ በብረት መንጠቆ የሚፍቁትን ነው። ያላያችሁ አትዩት። ያያችሁ ደግሞ ከዚያ ቀን በኋላ የሠራሁትን ሞኝነት ስነግራችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቁልኝ።

ሮቤ ከተማ ሬዲዮና ቴፕ እጠግን ነበር። ሲዲ የሚባል ነገር አዲስ አበባ ገብቷል እየተባለ በወሬ የሚሰማበት፣ እኛ ዘንድ ግን ካሴት ገና ባለሥልጣን የነበረበት ጊዜ ነው። ሱቄ እኔና አንድ ደንበኛ ከተቀመጥን ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ የሚያወራባት ጠባብ ክፍል ነበረች። እጄ ሁለት ብቻ ስለሆነ የመበየጃውን እርሳስ በጥርሴ ነክሼ እይዛለሁ፤ ሽቦ የምልጠው በጥርሴ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጫት አለ፤ ከጫቱ ጋር ስኳር የበዛበት ሻይ አለ። ብሩሽ ግን አልነበረም። ጥርሴ ይህን ሁሉ ችሎ ዝም ማለቱን እንደ ጥንካሬ ቆጥሬለት ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ስስቅ ባለቤቴ ሙሚና ጎንበስ ብላ አፌ ውስጥ አየች።

«አባ ሐናን» አለችኝ፤ በልጃችን ስም ነው የምትጠራኝ። «ሲሚንቶ መብላት ከጀመርክ ቆየህ?»

መስታወት አመጣችልኝ። ከታችኞቹ የፊት ጥርሶቼ ጀርባ ግንብ ተሠርቷል። በጥፍሬ ልቀርፈው ብሞክር ጥፍሬ ተሰበረ። ግንቡ አልተነቃነቀም።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጎባ ሄድኩ። ሐኪሟ ቁመቷ ከትከሻዬ የማይደርስ ወጣት ናት፤ እጇ ግን የድንጋይ ጠራቢ ነው። ስትጠርበኝ ረፈደ። እኔ በሁለት እጄ የወንበሩን ክንድ ጨብጬ፣ በልቤ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨርሼ፣ የማላውቀውን መፈልሰፍ ጀምሬ ነበር። ስትጨርስ ፍርፋሪውን ፋሻ ላይ አድርጋ አሳየችኝ።

«ይኼ ታርታር ይባላል። ጥርስ ላይ የቀረው ቆሻሻ ምራቅ ውስጥ ካለው ማዕድን ጋር እየተጋገረ ድንጋይ ሲሆን ነው። በቀን ሁለቴ ካልቦረሹ ይመለሳል። ስድስት ወር ቆይተው ይመለሱ።»

«ማን ነው የሚመለሰው? እሱ ወይስ እኔ?»

«ሁለታችሁም» አለች፣ ጓንቷን እያወለቀች።

ወደ ሮቤ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጮክ ብዬ ማልኩ። «ወላሂ እዚያ ወንበር ላይ ዳግመኛ አልቀመጥም!» ረዳቱ የእሱን ወንበር የሰደብኩበት መስሎት «ካልተመቸህ በእግርህ ሂዳ!» ብሎ ጮኸብኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ የተረፉኝን ጥርሶች በምላሴ ቆጠርኩ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ መቦረሽ ነዋ» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ቀላሉ መንገድ እሱ ነበር። እኔ ግን ቀላል መንገድ ሲያጋጥመኝ የሆነ ነገር ሊደበቅብኝ ነው ብዬ የምጠረጥር ሰው ነኝ። አንዴ ከወሰንኩ ደግሞ በሬ ጠምዳችሁም አትመልሱኝም።

በዚያው ሳምንት ቲቸር ሲሳይ ሱቄ መጣ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር ነው፤ የተጻፈ ነገር ካገኘ የሳሙና መጠቅለያም ቢሆን ሳያነብ አያልፍም። ለጥገና ያመጣውን ሬዲዮ እስክጨርስለት ተቀምጦ ሳለ ስለ ጥርሴ አጫወትኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ጣቱን አነሳ።

«ማግኔት!» አለ።

«ምን ሆነ?»

«ውሃ በማግኔት መሃል ካለፈ በኋላ አፍ ቢጉመጠመጡበት ታርታር እንዳይጋገር ያግዛል የሚል አንድ ቦታ አንብቤያለሁ። የእንግሊዝኛ መጽሔት ነው፤ ገጹ ቤቴ አለ። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁ ሆድ ውስጥ ነጭ ድንጋይ አይጋገርም?»

«ይጋገራል።»

«ያው ነው። ማግኔቱ ውሃው ውስጥ ያለውን ማዕድን ግራ ያጋባዋል። የት ሄዶ እንደሚቀመጥ ይጠፋዋል ነው ሐሳቡ።»

«አዲስ እንደተመደበ መምህር?»

«ልክ እንደሱ» አለ ቲቸር ሲሳይ፤ ቅር አላለውም።

ቀና ብዬ ሱቄን አየሁት። የሞቱ ሬዲዮኖች ስፒከር እንደ ቋንጣ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። ከእያንዳንዱ ስፒከር ጀርባ ደግሞ እንደ ድፎ ዳቦ የከበደ ማግኔት አለ። ሌላ ሰው ሰምቶት የሚያልፈውን ነገር እኔ እላዬ ላይ ሰቅዬው ኖሬያለሁ! ከዚያ በኋላ የቲቸር ሲሳይን ሬዲዮ ማን ያስታውሰዋል?

ቤት ወስጄ ሠራሁት። ቧንቧ ያለው ባልዲ፣ ከባልዲው የሚወርድ ቀጭን ጎማ፣ በጎማው ግራና ቀኝ ስድስት ስድስት ማግኔት፣ ሁሉም በመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ የታሰረ። ውሃው በደንብ እንዲወርድ ከፍታ ያስፈልገዋል። ከፍ ያለው ቦታ ደግሞ ሳሎን ያለው መደርደሪያ ነው። መደርደሪያው ላይ የሙሚና የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። ማግኔቶቹን ጠጋ ሳደርጋቸው ቆርቆሮው ላይ ጧ ብለው ተጣበቁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሚስማር ሳልመታ መሠረት አገኘሁ።

ቆርቆሮው ውስጥ ምን እንዳለ አውቅ ነበር። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ለእኔ ጥብቅና የሚቆም የማይገኘው። ውስጡ በነጭ ሻሽ የተጠቀለለ አንድ ካሴት አለ። የሙሚና አባት ሼህ ከድር ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር ለዚያራ ሄደው መንዙማ ሲያወጡ የተቀዳ ነው። እሳቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሌላ ድምፅም ሆነ ፎቶ አልተዉም። ሙሚና በዓመት አንድ ጊዜ፣ የመውሊድ ለት ጠዋት፣ ሻሹን ፈትታ ታሰማናለች፤ ከዚያ መልሳ ትጠቀልለዋለች። እንጀራዬ ካሴት ነው፤ ማግኔት ካሴትን እንደሚያጠፋ ለደንበኛ ሁሉ የምነግረው እኔ ነኝ። ግን ያን ቀን የማስበው ስለ ጥርሴ ነበር። ሰው ስለ ጥርሱ ሲያስብ ለካ ጭንቅላቱን አይጠቀምበትም።

ጀመርኩ። አምስት ወቅት ስሰግድ ለውዱእ ስታጠብ አምስቴ መጉመጥመጤ አይቀርም፤ ሁሉንም በማግኔት ውሃ አደረግኩት። ለሱቅ ደግሞ ትንሽ ጠርሙስ አዘጋጅቼ፣ ሁለት ማግኔት አስሬባት፣ በወፍራሙ ጃኬቴ ኪስ ይዣት እዞራለሁ። ሙሚና ቢላዋ ስትፈልግ መደርደሪያው ላይ ተጣብቆ ታገኘዋለች። መርፌዋም እዚያው ነው፤ የሐናን የፀጉር ሽቦም እዚያው ነው። የእጅ ሰዓቴ ቆሞ የቀትሩን ዙሁር በአስር ሰዓት ልሰግድ ተነሳሁ።

«ይኼ ነገርህ ቤቱን እየበላው ነው» አለች ሙሚና።

«ታገሺ፤ ማዕድኑ ግራ እየተጋባ ነው።»

«ግራ የተጋባውስ ማዕድኑ አይደለም» ብላ ቢላዋዋን በሁለት እጇ ስባ አላቀቀች።

ጎረቤት ሰማ። አንዱ ለጉልበቱ፣ አንዷ እንቁላል ላቆመች ዶሮዋ ውሃ ሊወስዱ ጀሪካን ይዘው መጡ። ስንዴ የሚያመርት አንድ ወዳጄ ለትራክተሩ ራዲያተር ለመነኝ። ለሁሉም ቀዳሁ፤ ዕውቀት አይደበቅም። ዶሮዋ እንቁላል ጀመረች ተባለ። ስለ ዶሮዋ ስሰማ በጥርሴ ላይ ያለኝ እምነት ተራራ አከለ።

ሁለት ወር ሲሞላ ከአንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል የተነቀለ ስፒዮ አፌ ውስጥ አስገብቼ አየሁ። ግንቡ መሠረቱን ጥሏል! ቀጭን ናት፤ ግን አለች። በቀጥታ ቲቸር ሲሳይ ቤት ሄጄ «ገጹን አምጣ» አልኩት። ፈልጎ አመጣው። ሲያገላብጠው ፊቱ ተለወጠ።

«ምን ይላል?»

«ጀርባውን አላነበብኩትም ነበር። ለካ... ውሃውን አፍ ውስጥ በግፊት በሚረጭ መሣሪያ ነው። ደግሞም ጥርስ እየቦረሹ ነው።»

«እየቦረሹ?»

«እየቦረሹ። ያግዛል ነው እንጂ ይተካል አይልም።»

ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ ብሩሽ ይገዛ ነበር። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የታየኝ፦ ማግኔቱ አንሷል። ሱቅ ውስጥ የሠርግ ሙዚቀኞች ጥለውት የሄዱት፣ የእኔን ወገብ የሚያህል ስፒከር ነበር። ማግኔቱን ስነቅለው ወንበሩን ይዞ ተነሳ። ቤት ተሸክሜ ገብቼ ቆርቆሮው ላይ አሳረፍኩት። ድው ሲል ሙሚና ከጓዳ «ምን ወደቀ?» አለች። «ምንም አልወደቀም» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ገና አልወደቀም።

መውሊድ ደረሰ። ጠዋት የሙሚና አክስት፣ የሼህ ከድር እህት፣ መጡ፤ ሐናን አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ተቀመጠች። ሙሚና ቆርቆሮውን ልታወርድ ብትስብ እምቢ አላት፤ እኔው ታግዬ አላቀቅኩላት። ያን ጊዜ እንኳ አልገባኝም። ካሴቱን አስገባች፤ ተጫነችው፤ ዓይኗን ጨፈነች።

ሽሽሽሽሽ።

ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስላል። ገለበጠችው። ሽሽሽሽሽ። በጣም ሩቅ የሆነ ቦታ ሰው የሚያንጎራጉር መሰለኝ፤ ወዲያው እሱም ጠፋ። ሙሚና ዓይኗን ገልጣ ቴፑን አየች፤ ከዚያ መደርደሪያውን፤ ከዚያ እኔን። ብትጮህብኝ በወደድኩ። አልጮኸችም።

«አባቴን ሁለቴ ቀበርኩት» ብላ ተነስታ ወጣች።

አክስቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቀሩ። እኔ ያንን ሁሉ ማግኔት በአንድ ጆንያ ከትቼ ከቤት አወጣሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሚና አላናገረችኝም። ምግብ ታቀርባለች፤ ልብሴን ታጥባለች፤ ቃል ግን የለም። መልእክት በሐናን ነው፦ «ምሳ ቀርቧል በይው።» እኔም «እሺ በያት» እላለሁ፤ በመሃላችን ያለው ርቀት አንድ ሰሐን ነው። እንደ ሬዲዮ የተበላሸ ነገር ቢሆን ፈትቼ አየው ነበር። የሰው ዝምታ ግን ብሎን የለውም።

ይቅርታ ለመንኩ፤ ግድግዳ ሰማኝ። ካሴቱን ማዳን እንደማይቻል ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ወሰንኩ፦ ያ ድምፅ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ ካለ አገኘዋለሁ። አክስቷ ዘንድ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ሼህ ከድር ሲቀዱ እርስዎ ነበሩ?»

«ነበርኩ እንጂ።»

«ቴፑ አንድ ብቻ ነበር?»

አሰቡ። «ሁለት ነበር መሰለኝ። አንዱ የሐጂ ቃስም ነው፤ የወንድሜ ጓደኛ። ቁልፉን መዝጋት አያውቅም ብለው ይስቁበት ነበር። አሁን ሃረና ጫካ ማር ይቆርጣል አሉ። በሕይወት ካለ።»

በሕይወት ካለ! በማግስቱ ንጋት ላይ ጎባ ሆኜ ወደ ደሎ መና የሚሄድ፣ ጨው የጫነ አይሱዙ ላይ ወጣሁ። ሳነቴ አምባ አናት ላይ ብርዱ አጥንቴን ቆጠረው፤ ወፍራሙን ጃኬቴን መልበሴን አመሰገንኩ። ሪራ መንደር ላይ ወረድኩና እየጠየቅኩ፣ በጭቃ እየተንሸራተትኩ፣ እኩለ ቀን ላይ ከዛፍ በተሰቀሉ ቀፎዎች መሃል የሐጂ ቃስምን ጎጆ አገኘሁ። ሽማግሌው ደጃፍ ላይ ቡና ያሰጣሉ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ። የሼህ ከድር አማች ነኝ።»

«ወአለይኩም ሰላም! የሙሚና ባል? ና፣ ቁጭ በል» ብለው ማር አቀረቡልኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ምንም አልደበቅኩም። በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ማግኔቱ ለጥርስ ነው አልክ?»

«ታርታር እንዳይዝ፣ አባባ።»

አፋቸውን ከፍተው አሳዩኝ። ሦስት ጥርስ አላቸው። «እኔን ይኼ ያልከው ነገር ይዞኝ አያውቅም። የሚቀመጥበት የለውም» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከዚያ ገብተው በፍየል ቆዳ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። ካሴት ነው። የቴፓቸው የባትሪ ድንጋይ ካለቀ ዓመታት ስለሆነው ይስራ አይስራ አያውቁም። ወደ እኔ ሲመጡ ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ። በዚህ ጊዜ የጃኬቴ ኪስ ከበደኝ። ጠርሙሷ! ማግኔቶቿ!

«አይቅረቡኝ!» ብዬ ጮህኩ።

አስቡት፤ በዕድሜ አባቴን በሚያህሉ ሐጂ ላይ፣ በገዛ ደጃቸው። ወደ ኋላ ስሸሽ የተሰጣው ቡና ላይ ወደቅኩ። ጃኬቴን እያወለቅኩ ሮጥኩ፤ ራቅ ካለ ዛፍ ላይ ሰቅዬው በሸሚዝ እየተንቀጠቀጥኩ ተመለስኩ። ሐጂ ቃስም ካሴቱን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ያዩኛል።

«ልጄ፣ ጥርስህ ነው ብለኸኝ ነበር» አሉ። «ከፍ ያለ ቦታ ነው እንዴ የሚያምህ?»

ነገሩን ሳስረዳቸው አላመኑኝም መሰለኝ። ግን ሰጡኝ፤ ወደ ሌላ ካሴት ገልብጬ እንድመልስ አስምለው ሰጡኝ። ማግኔቶቹን ከኪሴ አውጥቼ ጅረት ውስጥ ወረወርኳቸውና ጃኬቴን መልሼ ለበስኩ። የሃረና ዓሣ ታርታር አይያዘው።

ስመለስ ያገኘሁት የአይሱዙ ሾፌር ደግ ሰው ነበር። «ሳነቴ ላይ ትሞታለህ፤ ጋቢና ግባ» አለኝ። አየሁት፤ ከጋቢናው ወንበር ጀርባ ሁለት ትልልቅ ስፒከር አለ። «አልገባም» አልኩት። «ለምን?» «ማግኔት አለው።» ሾፌሩ ረዳቱን አየው፤ ረዳቱ እኔን። ላይ ወጣሁ። ካሴቱን ሆዴ ላይ ከሸሚዜ ሥር አድርጌ፣ በፍየል ጠረን ታጅቤ፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ያንን ተራራ አለፍኩ። የጀማመረኝ ታርታር ያን ዕለት ያለ ሐኪም አለመርገፉ ይገርመኛል።

ሱቅ ገብቼ የቴፕ ሁሉ ደህናውን መረጥኩ። ካሴቱን የሚያነበውን ራሱን በስፒሪት አጸዳሁት፤ ጎማውን ቀየርኩ፤ በማልፈልገው ካሴት አራት ጊዜ ሞከርኩት። የሐጂ ቃስምን ካሴት ግን አላስገባሁም። ባዶ ከሆነም ብቻዬን ላውቀው አልፈለግኩም፤ ድፍረቱም አልነበረኝም። ቤት ይዤ ገብቼ ሙሚና ፊት አስቀመጥኩት።

«የሐጂ ቃስም ነው። ይስራ አይስራ አላውቅም። ተጫኚው።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ተጫነችው።

መጀመሪያ ሽሽሽሽሽ አለ። ቀጥሎ የከበሮ ድምፅ። ቀጥሎ ሼህ ከድር። ጠርቶ፣ ከደረታቸው እየወጣ፣ ቤቱን ሞላው። ሐናን ከውጭ ሮጣ ገብታ በሩ ላይ ቆመች። ሙሚና ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ትሰማለች።

መንዙማው አበቃ። የእኛ ካሴት እዚህ ላይ ይቆረጥ ነበር። ሐጂ ቃስም ግን ቁልፍ መዝጋት አያውቁም፤ ቴፑ ዝም ብሎ ይቀዳል። ውሃ ሲቀዳ ይሰማል፤ ሰው ያስላል። ከዚያ የሐጂ ቃስም ድምፅ መጣ። በኦሮምኛ ነው፤ እኔ ወደ አማርኛ ልመልስላችሁ።

«ያ ቴፕ የሚጠግነው ልጅ ለሙሚና ሽማግሌ ልኳል አሉ። ምን ልትላቸው ነው?»

ሙሚና እጇን ከፊቷ ላይ አወረደች።

«እሰጠዋለሁ» አሉ ሼህ ከድር። «ልጁ አንዴ የያዘውን አይለቅም።»

«ጥሩ ነዋ።»

«የያዘው ነገር ልክ ይሁን አይሁን ግን አያይም። ደረቅ ነው።»

«ታዲያ ለምን ትሰጠዋለህ?»

«ሙሚና ታይለታለቻ» አሉ። ቀጥሎ ሁለቱም ሲስቁ ተሰማ፤ የሼህ ከድር ሳቅ ሳል ቀላቅሎ ረዘም አለ።

አማቴ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሙሚናም ከሞቱ ወዲህ አልሰማችም። ወደ ኋላ መልሳ ደግማ ከፈተችው። «የያዘው ነገር ልክ ይሁን አይሁን ግን አያይም» ሲሉ ዓይኗን እኔ ላይ ተከለች። ለሦስተኛ ጊዜ መለሰችው። በዚህኛው እሷም ከአባቷ ጋር አብራ ሳቀች፤ እንባዋን ሳትጠርግ። እኔ ልሳቅ ወይ ልደበቅ ሳላውቅ እንደ ተከሳሽ ቆሜያለሁ።

ሐናን «እማ፣ ለአባባ ምን ልበልልሽ?» አለቻት።

«ተይው፤ እኔው እነግረዋለሁ» አለች ሙሚና። ወደ እኔ ዞረች። «ድምፁን ጨምረው።»